አዲስ መጋዝ፣ አሮጌ መጋዝ፦ ከካፉሪ እስከ መተማ

ካርቱም በእንጨት የተፈተነች ከተማ ናት። በጥር 1885 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካርቱም ውስጥ በመሐዲስቶች የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማዳን ከሸንዲ አካባቢ ተነስተው ዓባይን ሽቅብ የተጓዙት ሁለት የእንፋሎት መርከቦች፣ ቦርዴንና ተላሃዊያ፣ ቦይለራቸው የሚበላው እንጨት ስለነበር በየመንገዱ እየቆሙ ማገዶ መልቀም ነበረባቸው። ቦርዴን በስድስተኛው ፏፏቴ ዓለት ላይም ተቀረቀረች። ካርቱም ሲደርሱ ጥር 28 ሆኖ ነበር፤ ከተማዋ በመሐዲስቶች እጅ ከወደቀች ሁለት ቀን አልፏታል። ለመዘግየታቸው ብዙ ምክንያት ይደረደራል፤ እንጨት የመልቀሙ ጣጣ ግን ከዝርዝሩ አይጠፋም።

ያ እንጨት በአብዛኛው ሱዳኖች «ሱኑጥ» የሚሉት የዓባይ ዳር ግራር ነው። ውኃ ሲሞላ ሳምንታት ተጥለቅልቆ ይቆማል፤ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠጥራል። ሄሮዶቱስ የግብፆች ጀልባ ከግራር ሳንቃ እንደሚሠራ ጽፏል፤ የኦምዱርማን ጀልባ ሠሪዎችም በአቡ ሮፍ ዳርቻ ይህንኑ ሲጠርቡ ኖረዋል። ፍሬው፣ «ገረድ» የሚሉት፣ ቆዳ ያለፋል። እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ፣ በ1901፣ የደን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። አስተዋይነት ብቻ አይመስለኝም፤ መርከቡ ማገዶ፣ ሐዲዱ ደግሞ አግዳሚ እንጨት ይፈልግ ነበር። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የኪችነር የባቡር መስመር ከዋዲ ሐልፋ ተነስቶ በ1899 የመጨረሻ ቀን የደረሰው የዛሬዋ ባሕሪ፣ ማለትም ሰሜን ካርቱም ነው። በጥቁር ዓባይ ግራና ቀኝ ያሉት የሱኑጥ ደኖችም ለሐዲዱ ሲባል በዕቅድ የሚተከሉና የሚቆረጡ ሆኑ። ይህ ሁሉ ሥራ በመጥረቢያና ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ በሚስበው ረጅም መጋዝ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ካፉሪ የሚገኘው በዚያው በባሕሪ ነው። ስሙን ያገኘው በቅኝ ግዛቱ ዘመን እርሻ ካቋቋመው፣ ከሶርያና ከሌባኖስ ወገን ከሆነው ነጋዴ ከዓዚዝ ካፉሪ ነው። እርሻው ቀስ በቀስ ሠፈር ሆነ፤ የአል-በሽር ዘመን ሲመጣም የባለሥልጣንና የባለጸጋ ቪላዎች መንደር፣ የትልቁ አል-ኑር መስጊድ ሠፈር። በካርቱም እንዲህ ባሉ ሠፈሮች ስንቱ ሐበሻ በቤት ሠራተኝነትና በጥበቃ እንደኖረ አንባቢ ያውቃል። ከካፉሪ ጎረቤት በሻምባት ደግሞ ኒም የተባለው የሕንድ ዛፍ በ1916 ተተክሎ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱን ከተሞች ሁሉ ጥላ አልብሷል።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ጋዝ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። ካፉሪ እስከ 2025 መጀመሪያ ከመንግሥት ጦር ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ቆየ። በከተማዪቱ የጥላ ዛፍ ማገዶ ሆነ፤ ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት አጠገብ የነበረውና ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሕግ የተጠበቀው የሱኑጥ ደን አብዛኛው ተጨፍጭፎ አለቀ። አሁን ተመላሹ ነዋሪ ግቢውን ሲያጸዳ የደረቀውን ግንድ፣ የተጋደመውን ቅርንጫፍ በምን ይቆርጣል? በእንጨት የሚኖር ሰው ሁሉ የሚከራከርበት ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ የጭስ ሕጉን አክብሮ የተሠራው አዲሱ የሞተር መጋዝ ይሻላል ወይስ የድሮው?

ለመመለስ ወደ ጀርመን መሄድ ያስፈልጋል። አንድሬያስ ሽቲል በ1926 ሁለት ሰው የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሰንሰለት መጋዝ ሠራ። በዓመቱ ኤሚል ሌርፕ ቱሪንጊያ ውስጥ ዶልማር በሚባል ተራራ ላይ በቤንዚን የሚሠራውን ሞከረ፤ 58 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ኩባንያውም ስሙን ከተራራው ወሰደ። ሰንሰለቱ ግን ገና ደካማ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከአሜሪካ ኦሬገን ነው፤ ጆሴፍ ኮክስ የተባለ እንጨት ቆራጭ የግንድ ትል እንጨቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያለ ሲበላ ተመልክቶ ጥርሱን አስመስሎ ሠራ፣ በ1947ም መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሰንሰለት ሁሉ ማለት ይቻላል የዚያ ትል ዘር ነው። ሽቲል በ1950 አንድ ሰው ብቻውን የሚይዘውን ባለ 16 ኪሎ መጋዝ አወጣ፤ በ1959 ደግሞ «ኮንትራ» የተባለውን ባለ 12 ኪሎ። በዚያው ዓመት የስዊድኑ ሁስክቫርና የመጀመሪያ መጋዙን ይዞ ገባ።

«የድሮ መጋዝ» ሲባል ሰው የሚናፍቀው የዚህን ዘመን ልጆች ነው። ብረቱ ወፍራም፣ ድምፁ የሚያስደነግጥ፣ ጭሱ ሰማያዊ። ዘይትና ቤንዚን ሲደባለቅ አንድ እጅ ዘይት ለ16 ወይም ለ25 እጅ ቤንዚን ነበር፤ ዛሬ አንድ ለ50 ነው። ከናፍቆቱ ጋር የማይነገረው፣ ንዝረቱ የስንት ቆራጭ ጣት ነጭ አድርጎ እንዳደነዘዘ ነው። የንዝረት መከላከያውና የሰንሰለት ፍሬኑ የተለመዱት በ1970ዎቹ ነው፤ እነርሱን ያመጣቸው የጭስ ሕግ አይደለም። ስለዚህ አዲሱን ከአሮጌው የሚያወዳድር ሰው በመጀመሪያ የትኛውን አሮጌ እንደሆነ ይንገረኝ እላለሁ።

የጭሱ ነገር እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ትንፋሹን የሚያስገባውና የሚያስወጣው በአንድ ጊዜ ነው። አዲሱ ድብልቅ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ የማስወጫው በር ገና አልተዘጋም፤ እስከ ሲሶ የሚደርሰው ቤንዚን ሳይነድ በማርሚታው ይወጣል። ገንዘብ ተከፍሎበት፣ የቆራጩ አፍንጫ ሥር ይበተናል። ካሊፎርኒያ ከተሞቿን ስላፈነው ጭጋግ ስትል በ1990 ደንብ አወጣች። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተከተለ፤ ከ1997 ጀምሮ ከ20 እስከ 50 ሲሲ ያለው የእጅ መሣሪያ በኪሎዋት ሰዓት ከ241 ግራም በላይ ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን እንዳያወጣ አለ። በ2000 ያጸደቀው ሁለተኛው ደንብ ሃይድሮካርቦኑን ከናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋር ደምሮ ወደ 50 ግራም አወረደው። አውሮፓም በ2002 መመሪያው እዚያው 50 ላይ ቆመ። ግሩም ቅናሽ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ራስ የሚያዞረውና የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በሁለቱም የአሜሪካ ደንቦች 805 ግራም ላይ ነው የቆየው። ሕጉ የተጻፈው ለከተማው ሰማይ እንጂ ለቆራጩ ሳንባ ተብሎ አልነበረም፤ ቆራጩ የተጠቀመው በተረፈው ነው።

ፋብሪካዎቹ መጀመሪያ የሰጡት መልስ ደካማ ነበር። የካርቡሬተሩን ብሎን ሰው እንዳያዞረው በፕላስቲክ ቆብ አሰሩት፣ ቤንዚኑን አሳነሱት፣ ማርሚታው ውስጥ ካታላይዘር ወተፉ። መጋዙ ጋለ፣ ጉልበቱ ቀነሰ፣ ቶሎም ይቃጠል ጀመር። «አዲስ መጋዝ አይረባም» የሚለው ወሬ የተወለደው ያኔ ነው፤ ለዚያ ዘመንም ሐሰት አልነበረም። የዚያን ጊዜ መጋዝ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ብታገኙ በርካሽ ዋጋው አትታለሉ።

ቁም ነገሩ የመጣው ቆይቶ ነው። የጃፓኑ ኮማትሱ ዘኖዋ፣ ቀጥሎም ሁስክቫርና እና ሽቲል፣ ከቤንዚኑ ድብልቅ በፊት ንጹሕ አየር ሲሊንደሩን እንዲያጥብ አደረጉ። በማስወጫው በር የሚያመልጠው እንግዲህ አየሩ ነው፤ ቤንዚኑ ውስጥ ይቀራል። አምራቾቹ ፍጆታው እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ። የአምራች ቃል በቅናሽ ይወሰድ፤ ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን፣ ቤንዚን በጥቁር ገበያ በሚሸጥበት አገር ቀላል አይደለም።

አሁን መጋዙን ይዘን ወደ ድንበር እንሂድ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አፄ ዮሐንስ የወደቁባት መተማ 700 ሜትር አትሞላም፤ ካርቱም ደግሞ 380 ገደማ ናት። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ የተስተካከለ መጋዝ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ያንቀላፋል። መካኒኩ በካቻቢቴ ብሎኑን ጠምዝዞ ቤንዚኑን ይቀንስለታል። ችግሩ ሲወርድ ነው። ጎንደር ላይ የተስተካከለው መጋዝ ያለ ለውጥ መተማ ቢደርስ፣ ወፍራሙ አየር ውስጥ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱም ያንሰዋል። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ጎበዝ ይሆናል፣ ድምፁ ይስላል፣ ባለቤቱ ይደሰታል። ከዚያ ፒስቶኑ ጋለ፣ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣበቀ፣ አለቀ። «ቆላ ሞተር ይበላል» ከተባለ የሚበላው ሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ሽቲል «ኤም-ትሮኒክ»፣ ሁስክቫርና «አውቶቱን» የሚሉት የኤሌክትሮኒክ ካርቡሬተር ይህን ራሱ እየለካ ያስተካክላል። የጭስ ሕጉ ባስጨነቃቸው ጊዜ የፈለሰፉት ነገር፣ ስዊድናዊ በሕይወቱ የማይወርደውን የእኛን ዓይነት ቁልቁለት የሚመጥን ሆኖ ተገኘ። በዚህ ረገድ አዲሱ ይሻላል፤ ክርክርም የለበትም። ክርክሩ ሲበላሽ ነው። የድሮው ካርቡሬተር በካቻቢቴና በአንድ ፊልትሮ እጥበት ይነሳል፤ የኤሌክትሮኒኩ ግን የኩባንያውን መመርመሪያ መሣሪያና የራሱን መለዋወጫ ይጠይቃል። ጦርነት ባለፈበት ከተማ፣ ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ፊልትሮውን በግማሽ ቀን በሚደፍንበት ሰማይ ሥር፣ ያ መሣሪያ ከየት ይመጣል?

ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። በአፍሪካና በእስያ ገበያ «አሮጌ» የሚባለው መጋዝ ብዙ ጊዜ በዕድሜው አሮጌ አይደለም። የሽቲል 070፣ ባለ 106 ሲሲው፣ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝነው፣ በ1960ዎቹ የተነደፈ ሆኖ የጭስ ሕግ በሌለባቸው አገሮች ለብዙ አሥርት ዓመታት አዲስ ሆኖ ተሽጧል። በአንድ ዘመን የተሠሩ ሁለት መጋዞች፣ አንዱ ለአውሮፓ፣ አንዱ ለእኛ። አሁን ደግሞ የቻይና ቅጂው በርካሽ ገብቶ ዋናውን ከቅጂው መለየት አስቸግሯል። የ070 ወዳጆች ግን እንዲሁ አልተሳሳቱም፤ እንደ ሱኑጥ ጠጣር የሆነ ወፍራም ግንድ ሲቀርብለት በዝግታና በማያልቅ ጉልበት ይገባበታል። ቀኑን ሙሉ የሚሸከመውና ጭሱን የሚውጠው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጋዙ ባለቤት አይደለም፤ ቀን ሠራተኛ ነው። አሮጌው ይሻላል ብሎ የሚምለውን ሰው ጠጋ ብላችሁ ስሙት፤ ስለ መለዋወጫ ያወራችኋል እንጂ ስለ ትንፋሽ አያነሳም።

ካሊፎርኒያ ከ2024 ጀምሮ የአብዛኞቹን አዲስ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ሽያጭ አቁማ ወደ ባትሪ ዞራለች። ባሕሪ ውስጥ የመብራት ነገር ገና ስለሆነ ባትሪው ይቆይ፤ ጣራው ላይ ሶላር ያለው ሰው ለቅርንጫፍ ሥራ ቢሞክረው አይከፋም።

ካፉሪ ላይ ለሚያጸዳ ሰው ምከር ብባል፣ ንጹሕ አየር የሚያጥበውን አዲሱን ሞተር፣ ግን በብሎን የሚስተካከል ተራ ካርቡሬተር ያለውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ሽቲልም ሁስክቫርናም እንዲህ ያለ ሠርተዋል። ከመተማ ወዲያና ወዲህ ለሚመላለስ ግን ኤሌክትሮኒኩን፣ መካኒክ እስካለው ድረስ። ለሁለቱም 5 ሊትር ቤንዚን ላይ 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት፣ በዓይን ሳይሆን በመለኪያ፤ ሁለት ትርፍ ፊልትሮ ኪስ ውስጥ፤ ሞተሩንም ሳያጠፉ ቤንዚን አለመሙላት።