የጡት እብጠትን በቀጭን መርፌ መመርመር፦ ውጤቱ ምን ይነግረናል?

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሠቱ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥና ወደ ብብት ንፍፊቶች ሳይዛመት ከተገኘ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ በጡት ላይ የሚዳሰስ እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው። በዳሰሳ ብቻ ግን ሁለቱን በርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ከእብጠቱ ሕዋሳትን በቀጭን መርፌ ቀድቶ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

ባለሙያው ቆዳውን ካጸዳ በኋላ ቀጭን መርፌ ወደ እብጠቱ ያስገባል፤ መርፌውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሰም ጥቂት ሕዋሳትን በሲሪንጅ ይስባል። ናሙናው በመስታወት ስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶና ቀለም ተደርጎበት በፓቶሎጂስት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀዶ ሕክምናም ሆነ አልጋ ይዞ መተኛት አያስፈልግም። ጥቂት ሕመምና የቆዳ መበለዝ ሊኖር ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች መርፌው ካንሰሩን ያሰራጫል ብለው ይሠጋሉ። ይህ ሥጋት ምርመራውን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

ትንሽ እብጠት ለምን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል?

ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰን እብጠት መርፌ በቀላሉ ሊስተው ይችላል። በአጠገቡ ካለው ጤናማ ሥጋ ወይም ስብ ከተቀዳ፣ ዕጢው በቦታው እያለ በስላይዱ ላይ ካንሰር ላይታይ ይችላል። አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችም ለመርፌ የሚሰጡት ሕዋስ ጥቂት ነው። በመሆኑም ትንንሽ እብጠቶች ሲመረመሩ የመርፌውን ጫፍ በአልትራሳውንድ እያዩ መምራት ይመረጣል።

ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

ዓለም አቀፉ የዮኮሃማ አመዳደብ ውጤቱን በ5 ይከፍለዋል፦ በቂ ያልሆነ ናሙና፣ ጉዳት የሌለው፣ ያልተለመደ ሕዋስ የታየበት፣ ለካንሰር የሚያጠራጥር እና ካንሰር። «በቂ ያልሆነ ናሙና» ማለት «ጤነኛ ነሽ» ማለት አይደለም፤ ናሙናው እንደገና መወሰድ እንዳለበት የሚያመለክት ነው።

«ጉዳት የሌለው» የሚለው ውጤትም ቢሆን ለብቻው አይታመንም። የሐኪሙ ዳሰሳ፣ የአልትራሳውንድ ወይም የማሞግራም ምስል እና የመርፌው ውጤት ሦስቱም መስማማት አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካንሰርን ካስጠረጠረ፣ ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ የሚወሰድበት ባዮፕሲ ይከተላል። ካንሰሩ ወደ አካባቢው ሥጋ ዘልቆ መግባት አለመግባቱን የሚለየው ባዮፕሲ ነው፤ ቀጭኑ መርፌ ይህን ማሳየት አይችልም። ለሆርሞን ሕክምና የሚመች ዓይነት መሆኑን ለማወቅም ባዮፕሲ ይመረጣል።

ታካሚዋ ምን ታድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ምልክት አይታ ወደ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲጠናቀቅ ይመክራል። ስለዚህ በተለይ ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ ታካሚ ናሙና ከሰጠች በኋላ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን ሳታውቅ ወደ ቤቷ መመለስ የለባትም። ውጤቷን ስትቀበልም «ከምስሉና ከዳሰሳው ጋር ይስማማል ወይ?» ብላ መጠየቅ ይገባታል። ውጤቱ «ጉዳት የሌለው» ተብሎ እብጠቱ ካደገ፣ የጡቱ ቆዳ ከተሰረጎደ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ከወጣ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሐኪሟ መመለስ አለባት።