ደም የሚሸኑት የናይል ገበሬዎች

በ1851 እ.ኤ.አ. ካይሮ፣ ቀስር አል-ዐይኒ ሆስፒታል ውስጥ ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ አስከሬን ሲመረምር ከደም ሥር ትል አገኘ። ቢልሃርዚያ የሚለው ስም ከእሱ መጣ። በሽታው ግን የቆየ ነው፤ እንቁላሉ በፈርዖኖቹ ዘመን ሙሚያዎች ኩላሊት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። በመስኖ ቦይ የሚሠራ፣ የሚዋኝ፣ ዉዱእ የሚያደርግ ሁሉ ትሉ በቆዳው ሊገባ ይችላል።

በ1911 እዚያው ካይሮ ፈርጉሰን የተባለ ሐኪም 40 የሽንት ፊኛ ካንሰር ሕሙማንን አጥንቶ ካንሰሩን ከትሉ ጋር አያያዘው። እንቁላሎቹ በፊኛው ግድግዳ ሲቀሩ ሰውነት ሊያጠፋቸው ይቆጣል። ቁጣው ቶሎ ቢበርድ ደግ ነበር። ለዓመታት ሲዘልቅ ግን ሕዋሳት ቁስሉን ለመጠገን ያለ ዕረፍት ይባዛሉ፤ በዚህ መሃል ስህተት ይገባል፣ ካንሰርም ይጀምራል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ትሉን ይገድላል፤ ግብፅ በስፋት ካዳረሰችው ወዲህ ከቢልሃርዚያ የሚመጣው የፊኛ ካንሰር ቀንሷል።

የፊኛ ቢልሃርዚያ በእኛም አገር በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ቆላዎች አለ። እዚያ ያላችሁ፣ ደም የሚሸና ልጅ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ሽንቱን አስመርምሩ።