ከጽሕፈት ቤት ወደ ኮሚሽን

እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1963 አዲስ አበባ ላይ 32 አገሮች የፈረሙት ቻርተር ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት አለቃ አልሰጠውም። የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማ ለአህጉሩ አንድ መንግሥት ይቋቋም ብለው ቢሞግቱም፣ ነፃነታቸውን ገና ያገኙት መሪዎች ሥልጣን ለማካፈል አልፈቀዱም። ስለዚህ የድርጅቱ ኃላፊ «አስተዳደራዊ ዋና ጸሐፊ» ተባለ። ስብሰባ ያሰናዳ፣ መዝገብ ይያዝ፣ ፖለቲካውን ግን ለመሪዎቹ ይተው ነው ነገሩ።

በዚህ ማዕረግ መጀመሪያ የተሾሙት ጊኒያዊው ዲያሎ ቴሊ ከ1964 እስከ 1972 ሠሩ። አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሴኩ ቱሬ መንግሥት ታስረው በ1977 በቦይሮ እስር ቤት በረሃብ ሞቱ። ቻርተሩ በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ይከለክል ነበርና፣ ድርጅቱ ለገዛ ጸሐፊው የሚመዘው አንቀጽ አልነበረውም።

ይህን ክልከላ ከሁሉ በላይ ያጋለጠው በ1994 በሩዋንዳ የደረሰው እልቂት ነው። መሪዎቹ በ1999 ሲርት፣ ሊቢያ፣ ላይ የአፍሪካ ኅብረትን ለማቋቋም ተስማሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ሎሜ ላይ የማቋቋሚያ ሕጉን አጸደቁ፤ ኅብረቱም በሐምሌ 2002 ደርባን ላይ ሥራ ጀመረ። ጽሕፈት ቤቱ ኮሚሽን ሆነ። በ2003 ለሊቀመንበርነት የተመረጡት አልፋ ኡማር ኮናሬ የማሊ ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው መዝገብ ብቻ እንዲይዝ አይጠራም።

የሕጉ አንቀጽ 4(ሸ) እንደሚለው ኅብረቱ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲያጋጥም በአባል አገር ጣልቃ መግባት ይችላል። ሥልጣኑ ግን የመሪዎች ጉባኤ እጅ ውስጥ ነው። 15 አባላት ያሉት የሰላምና ደኅንነት ምክር ቤት በታኅሣሥ 2015 ወደ ብሩንዲ 5,000 ወታደር እንዲላክ ወሰነ። የብሩንዲ መንግሥት እምቢ አለ፤ በጥር 2016 አዲስ አበባ የተሰበሰቡት መሪዎችም ያለ መንግሥቱ ፈቃድ ጦር ለመላክ አልደፈሩም። ወረቀቱ ተለውጧል፤ ብዕሩን የያዙት ግን እነዚያው ናቸው።

ገንዘቡም ሌላ ታሪክ ነው። በ2016 ኪጋሊ ላይ ከተወሰኑ የገቢ ዕቃዎች 0.2 በመቶ ይሰብሰብ ተባለ፤ ሁሉም አባላት ግን ተግባራዊ አላደረጉትም። ሚድራንድ የሚገኘው የመላው አፍሪካ ፓርላማም ሕግ አውጪ የሚያደርገው የ2014 ፕሮቶኮል ቢጸድቅለትም፣ በቂ አገር ስላላጸናው ዓመታትን በአማካሪነት አሳልፏል።

የሕጉ ማሻሻያ ላስ ቬጋስ ድረስም ይዘልቃል። በ2003 የወጣው የማሻሻያ ፕሮቶኮል ዳያስፖራው በኅብረቱ ግንባታ ሙሉ ተሳታፊ እንዲሆን ይጋብዛል። በዚያች የኔቫዳ ከተማ ታክሲ የሚነዱና በካዚኖ ካርታ የሚያድሉ ብዙ ሐበሾች ግብዣው ይመለከታቸዋል፤ ስንቶቹ እንደሰሙት ግን ያጠራጥራል። የኅብረቱ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል ምክር ቤት ከ150 መቀመጫዎቹ 20ውን ለዳያስፖራ ማኅበራት መድቧል። አንድ የቬጋስ ማኅበር ከእነዚህ አንዱን ቢመኝ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ማን ይመርጠዋል የሚለው ነው። በየአገሩ የተበተነው ዳያስፖራ በጋራ ድምፅ የሚሰጥበት ሣጥን የለውም።