ቁንጮ ጤፍ እና ያልተደበቀ ዕውቀት

እንደሚታወቀው ምርጥ ዘር የአንድ ሰው ሥራ ውጤት አይደለም። ተመራማሪው፣ የልማት ሠራተኛው፣ አርሶ አደሩና እንጀራ የምትጋግረው እናት እያንዳንዳቸው ሌላው የማያውቀውን ያውቃሉ። ቁም ነገሩ የሚያውቁትን አውጥተው መናገራቸው ላይ ነው። የቁንጮ ጤፍ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ቀደም ሲል ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። አበባው እጅግ ደቃቅ ነው፤ ራሱንም በራሱ ያዳቅላል። ስለሆነም ሥራው ከአርሶ አደሩ ማሳ ከተሰበሰበው ዘር የተሻለውን መምረጥ ነበር። ዶ/ር ታረቀ በርሄ ግን አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደረሱበት። ግኝታቸውን ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 በጽሑፍ አወጡት። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ባለሙያዎች የማዳቀሉን ሥራ የቀጠሉት በዚሁ ዕውቀት ነው።

ሌላው ዕውቀት የተገኘው ከገበያ ነው። ዱከም የተባለው ዝርያ ብዙ ምርት ቢሰጥም ንጣቱ እንደ ማኛ አልነበረም። ማኛው በጣም ነጭ ቢሆንም ምርቱ ዝቅ ያለ ነበር። ጉዳዩ ኩንታል መቁጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዱከም በበቃ ነበር፤ ሆኖም ገበያው ነጩን ጤፍ በተሻለ ዋጋ ይገዛል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ሁለቱን አዳቅለው ያገኙት ቁንጮ በ1998 ዓ.ም. ተለቀቀ። በአርሶ አደሮች ማሳ እየታየም በሰፊው ተስፋፋ።

ታዲያ ዕውቀት ለምን ይደበቃል? ከኮሌጅ እንደወጣሁ በተመደብኩበት ቀበሌ የስንዴ ሠርቶ ማሳያ አዘጋጅቼ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ማሳው ውኃ ተኛበትና ሰብሉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አንድ አዛውንት ቡና ላይ፣ «ያ ቦታ ድሮም ውኃ ይይዛል» አሉኝ። «አባቴ፣ ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ባለፈው ስብሰባ ስለ ዘሩ ስናገር ፈገግ ብለህ አለፍከኝ» ሲሉ መለሱልኝ። በዚያ ዓመት የጠፋው ዘርና ማዳበሪያ የእኔ ፈገግታ ዋጋ ነበር።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ኤሚ ኤድሞንድሰን የተባሉ ተመራማሪ በአንድ የአሜሪካ ፋብሪካ 51 የሥራ ቡድኖችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ፣ ብናገር እዋረዳለሁ የሚል ስጋት በሌለበት ቡድን አባላት ይበልጥ እንደሚማማሩ አሳይተዋል። ከውርደት ፍርሃት ሌላ «የእኔን ሐሳብ ሌላው ይመሰገንበታል» የሚል ቅሬታም አፍ ያዘጋል።

ስለዚህ የዩኒየናችን ዘር መራጭ ኮሚቴዎች ከባለሙያው በፊት አርሶ አደሩንና ጋጋሪዋን እናት ያናግሩ፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ይመዝግቡ፤ የተወሰነውንም ለተናጋሪው መልሰው ይንገሩ። ተናግሮ የተሰማ ሰው ነገም ይናገራልና።