የሳም ልጆች ጥያቄ

«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው እንኳ ደራሲው መዝጊያ እንዲሆን የጻፈውን ምዕራፍ አላገኘውም። ጄ. አር. አር. ቶልኪን ጽፎት ነበር፤ ረቂቁን ከኅትመት በፊት ያዩት ሰዎች ስላልወደዱት ግን ከመጽሐፉ አወጣው። ምዕራፉ ጦርነትም ጉዞም የለበትም። አትክልተኛው ሳም ጋምጂ ከዘመቻው ከተመለሰ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አንድ ምሽት ልጆቹን በዙሪያው ሰብስቦ እሳት ዳር ተቀምጧል፤ ከትልቁ ቀይ መጽሐፍ ያነብላቸዋል። ልጆቹ ሰምተው ዝም አይሉም፤ ይጠይቃሉ። ድዋርፉ ጊምሊና ኤልፉ ሌጎላስ ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ? የጠንቋዩ የጋንዳልፍ ፈረስስ የት ገባ? ይህ የተጣለ ምዕራፍ ለሕዝብ የደረሰው ደራሲው ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ልጁ ክሪስቶፈር የአባቱን ረቂቆች አሰናድቶ ሲያሳትም ነው። ያን ጊዜ ግን ምዕራፉን አይተው የማያውቁ አንባቢዎች የሳምን ልጆች ጥያቄ ራሳቸው ጠይቀው፣ ራሳቸው መልሰው፣ መልሱንም ጽፈው ለወዳጆቻቸው ማዳረስ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ተቆጥሯል።

ይህ ልማድ ፋን ፊክሽን ይባላል። አንባቢ የወደደውን ድርሰት ሰዎችና ዓለም ተውሶ፣ ገንዘብ ሳይጠይቅ፣ እንደ እሱ ላሉ አንባቢዎች የሚጽፈው ታሪክ ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወይ የሌላውን ሀብት መቀማት ወይ የጉርምስና የፍቅር ቅዠት ነው። የልማዱን ታሪክ ተከትሎ ለሚሄድ ግን የሚታየው ሌላ ነው። በተለይ በምናብ ልቦለድ ዙሪያ፣ አንባቢን እስክሪብቶ ካስጨበጡት ምክንያቶች ሥር የሰደደው ዝምድና ነው፤ ወላጅ ያጣው ልጅ ማን ቤት አደገ፣ ባዳ የነበረው እንዴት ወንድም ሆነ፣ ሞትን አብረው የተጋፈጡ ወዳጆች ሰላም ሲወርድ ምን በላቸው የሚለው ጥያቄ።

ነገሩ ከራሱ ከምናብ ልቦለድ አሠራር ይጀምራል። ጀብዱ እንዲኖር ጀግናው ከቤት መውጣት አለበት፤ ከቤት እንዲወጣ ደግሞ የሚይዘው ባይኖር ለደራሲው ይቀልለዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ጀግኖች ወላጅ አልባ ናቸው። የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ጀግና ፍሮዶ ባጊንስ በ12 ዓመቱ እናትና አባቱ በጀልባ አደጋ ወንዝ በልቷቸዋል፤ ሃሪ ፖተር በሕፃንነቱ ወላጆቹ ተገድለውበት አክስቱ ቤት፣ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ ያድጋል። ደራሲው የሥጋ ዘመድን ከነሳቸው በኋላ በምትኩ የመንገድ ወዳጅን ይሰጣቸዋል፤ ወዳጁም ቀስ በቀስ ዘመድ ይሆናል። ቶልኪን ይህን በውርስ ጭምር ያሳየናል። ባግ ኤንድ የተባለው ቤት ልጅ ካልወለደው ከቢልቦ ወደ አሳደገው ዘመዱ ወደ ፍሮዶ፣ ከፍሮዶም በሥጋ ምኑም ወዳልሆነው ወደ አገልጋዩ ወደ ሳም ያልፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንባቢዎች እንዲህ ያለውን «የተገኘ ቤተሰብ» ይሉታል፤ የጡት ልጅን፣ የክርስትና አባትንና ጉዲፈቻን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ጉዳዩ የሚከብደው መጨረሻው ላይ ነው። ጠላት ሲሸነፍ የታሪኩ ሥራ ያበቃል፤ ተጓዦቹም ወደየአገራቸው ይበተናሉ። ደራሲው ይህን የጉዞ ፍጻሜ ይለዋል፤ ከሺህ ገጽ በላይ አብሯቸው የኖረው አንባቢ ግን የሚያየው የቤተሰብ መበተን ነው።

ቶልኪን ራሱ ይህን ሳያውቀው አልቀረም። 3ኛው ቅጽ እስከ ኦክቶበር 1955 ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱ መጨረሻው ላይ የሚገቡት አባሪዎች አለመጠናቀቃቸው ነበር፤ አባሪዎቹም የትውልድ ሐረጎችንና ከጦርነቱ በኋላ የሆነውን ይዘዋል። በእነዚያ ገጾች ሳም 13 ልጆች ይወልዳል፤ ከመካከላቸው ፍሮዶ፣ ሜሪ፣ ፒፒንና ቢልቦ የተባሉ አሉ። የጉዞ ወዳጆቹ በስም በኩል ወደ ሥጋ ዝምድና ተሻገሩ ማለት ነው። ሴት ልጁ ጎልዲሎክስ የፒፒንን ልጅ ታገባለች። ሜሪና ፒፒን በስተርጅና በመጽሐፉ ዓለም ወዳለው የጎንደር መንግሥት ሄደው እዚያው ይሞታሉ፤ ንጉሡ አራጎርን ሲሞትም አልጋቸው ከእሱ አልጋ ጎን መደረጉ ይነገራል። ይህ ሁሉ በጥቂት መስመር ያልፋል። ለተራበ አንባቢ ደግሞ እያንዳንዷ መስመር የአንድ ሙሉ ታሪክ ዘር ናት። ያም ሆኖ በ1966 አንድ ወጣት አንባቢ የመጽሐፉን ቀጣይ ልጻፍ ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብለት ቶልኪን ተቆጥቶ ለአሳታሚዎቹ ጻፈ። ቁጣው የደራሲነት መብቱ ነው። ነገር ግን ሐረገ ትውልድ ሠርቶ ያሳተመ ሰው ለአንባቢው የነገረው ትልቅ ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች መጽሐፉ ሲዘጋም መኖራቸውን አላቆሙም።

ልማዱ መልክ የያዘው ግን በአሜሪካ፣ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ዙሪያ ነው። «ስታር ትሬክ» በ1966 መታየት ጀመረ፤ በዓመቱ በ1967 «ስፖካናሊያ» የተባለች የአድናቂዎች መጽሔት ወጣች። እንዲህ ያሉት መጽሔቶች በታይፕ ተመትተው፣ በማባዣ ተባዝተው፣ በፖስታ የሚላኩ ነበሩ፤ አንባቢዎች የሚጽፉት የአስተያየት ደብዳቤም በሚቀጥሉት እትሞች ይታተም ነበር። ድራማው ስለ ኅዋ ጉዞ ቢሆንም አንባቢዎቹ የያዙት የቤተሰቡን ጫፍ ነው። በ1967 መጨረሻ በታየ አንድ ክፍል ከዋና ገጸ ባሕርያቱ የአንዱ የስፖክ፣ የሌላ ዓለም ተወላጅ የሆነው አባቱ ሳሬክና ሰው የሆነችው እናቱ አማንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ አሉ፤ አባትና ልጅ ለ18 ዓመት እንደ አባትና ልጅ ተነጋግረው እንደማያውቁም ተገለጸ። ድራማው ይህን በአንድ ክፍል ነካ አድርጎ አለፈ፤ አንባቢዎቹ ግን አላለፉትም። በ1976 ጂን ሎራ የሳሬክንና የአማንዳን ትዳር ማዕከል ያደረገ ሙሉ መጽሐፍ አወጣች። ጃክሊን ሊክተንበርግ የጀመረችው «ክሬይዝ» የተባለ ተከታታይ ደግሞ የስፖክን ወገን ባህልና ቤተሰብ ዘርዝሮ ሠራ፤ ሌሎች ብዙ ጸሐፊዎችም እየተቀባበሉ ጻፉበት። ኋላ የምናብ ልቦለድ አንባቢዎች የወረሱት ይህንን አሠራር ነው፤ የኅዋ መርከቧ ስትቀር የቤተሰቡ ጥያቄ ከነሙሉ ክብደቱ ተላለፈ።

በዚያው ዘመን የተወለደ አንድ ስድብም ምስክር ይሆናል። በ1973 ፓውላ ስሚዝ በአንዲት የአድናቂዎች መጽሔት ላይ «ሜሪ ሱ» የተባለች ገጸ ባሕርይ ፈጠረች፤ ዕድሜዋ 15 ዓመት ተኩል፣ በኅዋ መርከቦቹ ጓድ ካሉት ሌተናንቶች ሁሉ ታናሽ፣ ሁሉን የምትችል፣ ሁሉም የሚወዳት፣ ስትሞትም ሁሉም የሚያለቅስላት። ጽሑፉ በወቅቱ ይበዙ የነበሩ ታሪኮችን ለመተቸት የተጻፈ ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የደካማ ድርሰት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ትችቱ ስለ ጥበብ እውነት አለው። ሁሉን የምትችል ልጅ ታሪክ አይወጣላትም፤ የምትታገለው ነገር የለማ። ግን ወጣቶቹ ጸሐፊዎች ራሳቸውን ወደ መርከቧ ሲያስገቡ የለመኑት ምን እንደነበር ልብ ይበሉ። አንድ ቤት ገብቶ የዚያ ቤት ልጅ መሆንን፣ ሲሞቱም አልቃሽ ማግኘትን ለመኑ። አጻጻፋቸው ጥሬ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን የሳም ልጆች ከጠየቁት የሚያንስ አይደለም።

ጥያቄው ከሁሉ በላይ የጎላው በሃሪ ፖተር ዘመን ነው። 4ኛው መጽሐፍ በጁላይ 2000፣ 5ኛው በጁን 2003 ወጡ፤ በመካከሉ 3 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ብቻ የቀረው ጥበቃ ነበር። የኢንተርኔት መጻፊያ ቦታዎች ቀድመው ተከፍተው ስለነበር የተጠባባቂው አንባቢ ድርሰት ጎረፈ። በዚያ ጎርፍ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ይህን ልጅ ማን ያሳድገው? በ3ኛው መጽሐፍ የክርስትና አባቱ ሲሪየስ ብላክ ከእኔ ጋር ትኖራለህ ወይ ብሎት ነበር፤ ሃሪ ቤት አገኘሁ ብሎ የተሰማው ደስታ ለአንድ ሌሊት እንኳ አልቆየም፤ ሲሪየስ መሸሽ ነበረበት። አንባቢዎች ያንን የተቋረጠ ተስፋ አንስተው ሲሪየስ ልጁን የሚያሳድግበትን ቤት ሠሩ። ሌሎች ሸክሙን ለመምህሩ ለሉፒን ሰጡ። ጨካኙን መምህር ስኔፕን አሳዳጊ አድርገው፣ ጥላቻ ወደ አባትነት የሚለወጥበትን አስቸጋሪ መንገድ የጻፉም ብዙ ናቸው። በ2003 ሲሪየስ ሲሞት የአንባቢው ሐዘን ወደ ሌላ የድርሰት ማዕበል ተለወጠ። በ2007 የመጨረሻው መጽሐፍ ከ19 ዓመት በኋላ ያለውን ቤተሰብ በባቡር ጣቢያ አሳይቶ ሲዘጋ ደግሞ ብዙዎች መዝጊያውን አንቀበልም ብለው ጻፉ። ሌሎች ቴዲ ሉፒን ላይ አተኮሩ። እሱም እንደ ሃሪ በሕፃንነቱ እናት አባቱን በጦርነት ያጣ፣ አያቱ ያሳደገችው፣ ሃሪ ራሱ የክርስትና አባቱ የሆነለት ልጅ ነው። መጽሐፉ በጥቂት ቃል ያልፈዋል። አንባቢዎች ግን ሲሪየስ ያልታደለውን አባትነት ሃሪ እንዴት እንደሚፈጽመው ለማየት ገጽ በገጽ ጻፉለት።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። የዚህ ጽሑፍ አብዛኛው ክፍል የፍቅር ታሪክ አይደለምን? አዎ፣ ትልቁን ቦታ የያዘው የፍቅር ታሪክ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አንባቢዎቹ ራሳቸው የፈጠሩትን ምልክት እንመልከት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሁለት ሰዎች ስም በእዝባር (/) ተለይቶ ሲጻፍ ታሪኩ የፍቅር ነው፤ በ«እና» ምልክት (&) ሲያያዝ የወዳጅነት ወይም የቤተሰብ ነው። በ2009 የተከፈተው «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» የተባለው ትልቅ የድርሰት ማኅደርም በዚሁ ደንብ ይሠራል። ሰው ምልክት የሚያወጣው ለይቶ ሊፈልገው ለሚሻው ነገር ነው። የፍቅር ታሪክ ብቻ የሚበቃው አንባቢ ሁለተኛ ምልክት ባላስፈለገው ነበር። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የፍቅር ታሪኮች መድረሻቸው ቤት ነው፤ ሁለቱ ተጋቢዎች ወላጅ አልባውን ሲያሳድጉ፣ የተበተኑት ወዳጆች በአንድ ማዕድ ሲሰበሰቡ ይዘጋሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ኪነ ጥበብ ያቆሰለውን አንባቢ ራሱ ቢያክመው የቁስሉ ትርጉም አይጠፋም ወይ? በመጽሐፉ መጨረሻ የፍሮዶ በመርከብ መሄድ ትልቅ የሆነው ስለማይመለስ ነው፤ እሱን ከመርከብ አውርዶ ከሳም ጋር ማስቀመጥ ቶልኪን ስለ ጦርነት ጠባሳ የተናገረውን ማጥፋት ነው። ለብዙ ደካማ ድርሰት ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው። አንባቢዎቹ ግን እርስ በርስ የሚፈራረዱበት ሚዛን አላቸው። ከጥንት ጀምሮ በዚህ ማኅበረሰብ ከባዱ ወቀሳ ገጸ ባሕርዩ እንዲህ አያደርግም የሚለው ነው፤ ማጽናኛው የሰውየውን ጠባይ ከሸጠ ድርሰቱ ወደቀ ማለት ነው። ተመራማሪዋ ካሚል ቤከን ስሚዝም በ1992 ባሳተመችው ጥናት አንዱ ሲቆስል ሌላው የሚያስታምምበትን የታሪክ ዓይነት መርምራ፣ ከማኅበረሰቡ ሥራ እምብርት አጠገብ አስቀምጣዋለች። ማስታመም ቁስልን መካድ አይደለም። የቆሰለ ከሌለ የሚያስታምም የለም፤ ጥሩው ድርሰት ፍሮዶን በየዓመቱ ሕመሙ ሲነሳበት ያሳያል፤ ሳም አጠገቡ መሆኑንም ይጨምራል። የደራሲው መጽሐፍ የሚጠይቀው ምን እንደጠፋ ነው፤ የአንባቢው ድርሰት የሚጠይቀው የጠፋበትን ሰው ማን እንደያዘው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አይጣሉም።

በ2019 ያ የድርሰት ማኅደር ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልቦለድና የምናብ ድርሰት ሽልማት ሲቀበል የተከበረው አንድ ጸሐፊ አልነበረም። ያለ ክፍያ የሚጽፉ፣ የሚያርሙ፣ የሚሰድሩና የሚያነብቡ ሰዎች የጋራ ሥራ ነው የተከበረው። ይህ ታሪክ ያለ እነሱ ዝምድና አይሟላም፤ ባዶ እጁን መጥቶ ታሪክ የለመነ አንባቢ ቆይቶ የሌላውን ረቂቅ አራሚ ይሆናል፤ ስለ ተገኘ ቤተሰብ የሚጽፉ ሰዎች ራሳቸው እርስ በርስ ተገኝተዋል።

የቶልኪን የመጀመሪያ አንባቢዎች ያንን ምዕራፍ ሲጥሉት አልተሳሳቱ ይሆናል። የታተመው መጽሐፍ የሚያበቃው ሳም ወዳጁን በመርከብ ሸኝቶ ቤቱ ሲገባ ነው፤ ሚስቱ ትንሿን ኤላኖርን ጭኑ ላይ ታስቀምጥለታለች። ያቺን ልጅ ፍሮዶም አብሮ ስም መርጦላታል። ከዚህ የበለጠ መዝጊያ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ኤላኖር በዚያች ሰዓት የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ናት፤ አባቷ ማንን ሸኝቶ እንደመጣ ለመጠየቅ ገና አልደረሰችም። በተጣለው ምዕራፍ አድጋ ትጠይቃለች። ምዕራፉ ሲወጣ ጥያቄው አብሮ አልወጣም፤ ኤላኖር እስክታድግ መጠበቅ ያልቻሉ አንባቢዎች ስለ እሷ ጠየቁላት።