ያልተሟሸ እንስራ

ድሬዳዋ ላይ ጎመን ተክለን እንብላ ስንል የሚስቁብን ወዳጆች አሉን። አይፈረድባቸውም። ከተማዋ ለባቡር እንጂ ለጎመን አልተቆረቆረችም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ተራራው ሥር ደርሶ ቆመ፤ ሐረር ደጋው ላይ ቀረች፣ ድሬ ቆላው ላይ በቀለች። (አፄ ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ስሙ አልያዘላትም።) ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ውሃ የመጣበት ቀን ደግሞ፣ በ1998ቱ ክረምት እንዳየነው፣ ቤትና ሰው ይዞ ይሄዳል።

እናም ድሬ ጎመኑንም ድንቹንም ከደጋ ስትጠብቅ ኖረች። ከሐረማያ ዙሪያ የሚወርደው አትክልት እሷን አልፎ ጅቡቲ ድረስ ይዘልቃል። ይህ ሁሉ አትክልት የሚጠጣው ውሃ እስከ መቼ ይበቃል ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም። መልሱን የሰጠው ሐይቁ ራሱ ነው። ለአትክልትና ለጫት በፓምፕ ሲሳብ፣ ለሐረር ከተማ ሲቀዳ፣ ከየኮረብታው በሚታጠብ ደለል ሲሞላ ቆይቶ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ መያዙ ደስ ያሰኛል። ሐረር ግን በዚያ መሀል ውሃዋን ከታች፣ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ሽቅብ ማስገፋት ግድ ሆነባት። ደጋ ከቆላ ውሃ ሲለምን ማየት ይህ ነው!

ስለዚህ በጥቂት ውሃ ጓሮ እንዴት ይለማል የሚለው ነገር ለኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ደግነቱ ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በጽሑፍ ከደረሱን ጥንታዊ መልሶች አንዱ ከቻይና የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ምዕተ ዓመት፣ በሃን ሥርወ መንግሥት ጊዜ፣ ፋን ሼንግዥ የተባለ ሹም የእርሻ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ጠፍቷል። ጂያ ሲሺዬ የተባለ ሌላ ጸሐፊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብዙ ገጾቹን ወደ ራሱ ሥራ ባይገለብጥ ኖሮ ዛሬ ስለሱ የምናወራው አይኖርም ነበር።

የሹሙ ምክር እንዲህ ነው። ጉድጓድ ቆፍር፤ አፈሩን ከፍግ ጋር ለውስ። መሀሉ ላይ 6 ሊትር ገደማ የሚይዝ የሸክላ ማሰሮ እስከ አፉ ቅበር፤ ውሃ ሙላበት፤ አፉን በሸክላ ክደን። ዙሪያውን 4 የሐብሐብ ዘመድ ዘር ዝራ። ውሃው በጎደለ ቁጥር ጨምር። ከዘሩ ወጣ ብለህ ደግሞ 10 ራስ የሽንኩርት ዓይነት ትከል፤ ዋናው ፍሬ ሳይደርስ ነቅለህ ትሸጠዋለህ። (ሹም ቢሆንም ገበያ ያውቃል።)

ምሥጢሩ ያለው ሸክላው ላይ ነው። ዝቅ ባለ እሳት የተተኮሰ፣ ያልተቀባ ሸክላ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን ከማሰሮው ይስባል፤ ሲርስ መሳቡን ይተዋል። ውሃው ሥሩ ዘንድ ስለሚደርስ ላዩ ደረቅ ይሆናል፤ ፀሐይ የሚወስደው ያንሳል፣ አረምም እንደ ልቡ አይበቅልም። ካርናል በምትባል የህንድ ከተማ የሚገኝ የጨዋማ አፈር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ ዘዴ ሞክሮ አሳይቷል። አሪዞናም «ኦያ» በሚል የስፓኝ ስም በደህና ዋጋ ይሸጣል።

እኛስ? እኛማ ማሰሮው ከእጃችን ወጥቶ አያውቅም። ገበያ ወጥታችሁ ሸክላ ሠሪዋን «ያልተሟሸ ስጪኝ» ብትሏት ይበቃል። ለወጥ የምንገዛው ድስት ካልተሟሸ ያንጠባጥባል፣ ለጓሮ የምንፈልገው ግን ያንኑ ማንጠባጠብ ነው። እኛ ስናሟሽ የምንደፍነውን ቀዳዳ የቻይናው ሹም ሐብሐብ አበቀለበት።

ቅር የሚለን ሌላ ነው። ይህን ዕቃ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ስንሰድባቸውም ኖረናል። ጎንደር ወለቃ ላይ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩትን እንስራ ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ጎረቤት፣ ሠሪዋን ግን «ቡዳ» ይላት ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ያስፈለጋቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድ ነው? አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀጠለ፣ በኋላ ፕላስቲክ ጀሪካን መጣና እንስራው ራሱ ከትከሻ ወረደ። ሹም መጽሐፍ የጻፈለት ዕቃ እኛ ዘንድ የሚሰደብ ሰው ሥራ ሆኖ ስለቀረ፣ ጓሮ ላይ ቅበረው ያለን የለም።

ለመሞከር ለተነሳ ሁለት ነገር እንንገር። ውሃችሁ ጨው ወይም ኖራ የበዛበት ከሆነ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይደፈናል፤ ያኔ ማሰሮውን አውጥቶ በሆምጣጤ ማሸት ወይም መለወጥ ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ነው። ድሬዳዋን በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ወረርሽኝ መትቷታል፤ በሽታውን የምታዛምተው ትንኝ ደግሞ የምትፈለፈለው እንዲህ ባለ ተጠራቅሞ በተቀመጠ የቤት ውሃ ውስጥ ነው። ሹሙ ክደን ያለው ስለ ትንኝ አስቦ ይሁን ስለ ፀሐይ አልጻፈልንም፤ እናንተ ግን ክደኑ።