የሰርኪስ ባቡርና የእሳት አንዳጁ ትዝታ

ከመካከላችሁ ጧት ከአስኮ ተነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚወርድ፣ ማታም በዚያው መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አውቶቡስ ለመጠበቅ ተሰልፎ ሲቆም ግን እግሩ የረገጠው መንገድ መቼና በምን ምክንያት እንደ ተቀየሰ የሚጠይቅ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። እኔም ብሆን ይህን ማሰብ የጀመርሁት ሰልፉ ረዝሞ ሌላ የማደርገው ነገር ባጣሁበት አንድ ጧት ነው።

ይህ መንገድ አስኮን አልፎ በቡራዩና በሆለታ በኩል ወደ አዲስ ዓለም ይዘልቃል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአዲስ አበባ ማገዶ እየተመናመነ ሕዝቡን ስላስቸገረው፣ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፤ የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባንም ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ከመፈታት አዳናት። የመናገሻው አሳብ ቀረ እንጂ መንገዱ አልቀረም፤ በኢጣልያ መሐንዲሶች መሪነት ተሠርቶ፣ በአዲሱ ዘዴ፣ ማለት በተፈለጠ ድንጋይ ከተነጠፉት የአገራችን መንገዶች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ለመሆን በቃ።

የመንገድ ሥራ እንዲህ በተጀመረበት በዚያው ዘመን፣ በ1896 ዓ.ም. ገደማ፣ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ አንድ እንግዳ መኪና ወደ አገራችን አስገባ። ሰርኪስ በሐረር የኖረና ለምኒልክ የጦር መሣሪያ ከውጭ በማስመጣት የታወቀ ሰው ነበር። ያመጣው መኪና በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ፣ ሐዲድ የማይሻ፣ በሰፋፊ የብረት መንኰራኵሮቹ ድንጋዩን እየዳመጠ በምድር ላይ የሚሄድ ነበር፤ ዛሬ ሕዝባችን ዳምጠው የሚለው መኪና አያት ነው ማለት ይቻላል። ሕዝቡም ብዙ ሳይመራመር የሰርኪስ ባቡር አለው።

ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የጅቡቲው ምድር ባቡር ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ለዚህ መሥመር ፈቃድ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢልም ቢሆን በዋና ከተማችን የታየው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው በእሳትና በውሃ ብቻ እየተነፈሰ፣ በቅሎም በሬም ሳይጎትተው የሚሄድ ነገር ያየው ከለገሀር ሳይሆን ከሰርኪስ ነው።

ባቡር የሚለው ቃል ራሱ የሚያስገርም ታሪክ አለው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን ቫፐር ይሉታል፤ ቃሉ በቱርኮችና በዐረቦች አፍ ተዘዋውሮ የእንፋሎት መርከብና መኪና መጠሪያ ከሆነ በኋላ ወደ እኛ ዘንድ ባቡር ሆኖ ገባ። እናቶቻችን እህላቸውን ወደ ባቡር ቤት ሲልኩ፣ የእህል ወፍጮውን በዚያው ስም መጥራታቸው ስሕተት አልነበረም። ይልቅስ እኛ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ባቡር ስንለው፣ አንዲት ጠብታ ውሃ የማያፈላውን መኪና ሳይታወቀን እንፋሎት እያልነው ነው።

የእንፋሎት መኪና አሠራር ለማስረዳት የሚያስቸግር አይደለም። በሆዱ ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ ወላፈኑ በብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች እያለፈ በዙሪያው ያለውን ውሃ ያፈላል፤ የታመቀውም እንፋሎት ወደ ሲሊንደር ይለቀቅና ፒስተኑን አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፒስተኑ በዘንግ መዘውሩን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ ጭሱን ስቦ ይወስደዋል፤ በዚህም ምክንያት እሳቱ አዲስ አየር ያገኛል። መኪናው ዳገት በገጠመውና በደከመ ቁጥር እሳቱ የሚበረታው ስለዚህ ነው፤ ባቡር ሲተነፍስ የሚሰማውም ድምፅ ይኸው ነው። ማገዶ አለቀ ተብሎ መናገሻ ሊዛወር በታሰበበት ዘመን፣ የድንጋይ ከሰል እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ እንዲህ ያለ እሳት በላተኛ መምጣቱን ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ አላገኘሁትም። በአስኮ ጎረቤቴ የነበሩ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በጅቡቲው መሥመር በእሳት አንዳጅነት ሠርተው ነበር። የሠሩትም በእንፋሎት ዘመን ማብቂያ፣ በናፍጣ የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች በ1940ዎቹ ዓመታት መጥተው አሮጌዎቹን ከመተካታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እሑድ እሑድ ከደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ስለ ደመወዝ ወይም ስለ አለቆቻቸው ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም፤ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ውሃ ነበር።

ስለ ውሃ ማውራታቸው አያስደንቅም። መሥመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው አዲስ አበባ ሲወጣ ብዙው ጉዞው በደረቅ ቆላ ነው። የጥንቱ ባቡር በቀን ብቻ ስለሚጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በ3 ቀን ይደርስ ነበር፤ የሎኮሞቲቩ ጥም ግን ሌሊት ይጠብቃል የሚባል አልነበረም። የናፍጣው ሎኮሞቲቭ ከተወደደበት ምክንያት አንዱ ውሃ አለመጠየቁ ነው።

«ልጄ» ይሉኝ ነበር ሽማግሌው፤ «እሳቱን ማንም ያነድዳል። ዓይንህ ከመስታወቱ እንዳይነሣ።» መስታወት የሚሉት በማፍያው ጋን ላይ የተተከለውን የውሃ መለኪያ ነው። ውሃው ጎድሎ ከእሳቱ ቤት ጣራ በታች የወረደ እንደ ሆነ ብረቱ ግሎ ይለሰልሳል፤ የታመቀውም እንፋሎት ጋኑን ቀድዶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ነጂም አንዳጅም አይተርፍም። ደግሞም ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ባቡር በሥዕል ሲያዩ ይስቁ ነበር። የጎበዝ አንዳጅ ጭስ ቀጭንና ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁር ጭስ ማለት ሳይነድድ በከንቱ የወጣ ከሰል ነው። ከሰሉን በአካፋ የት እንደሚበትኑ፣ ዳገቱ ከመምጣቱ ስንት ደቂቃ አስቀድመው እሳቱን እንደሚያበረቱ፣ የቀዘቀዘውን ጋን ለማሞቅ ስንት ሰዓት ቀድመው ከእንቅልፍ እንደሚነሡ፣ ይህን ሁሉ በእጃቸው እያሳዩ ነበር የሚነግሩኝ። በወረቀት ላይ ጻፉልኝ ብዬ አንድ ቀን ብለምናቸው እጃቸውን አንሥተው አሳዩኝ፤ ሌላ መልስ አልሰጡኝም።

ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። የገባኝ የጎረቤታችንን የኤርትራን ነገር በተረዳሁ ጊዜ ነው። ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጠባብ ሐዲድ በ1904 ዓ.ም. አስመራ የደረሰ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓመታት በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ቆመ። ሐዲዱና ከሥሩ ያለው ብረት እየተነቀለ ለምሽግ ዋለ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መሥመሩ እንደገና ይሠራ በተባለ ጊዜ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የጥንት ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። እነዚህ ሽማግሌዎች ሐዲዱን እየለቀሙ መልሰው ነጠፉ፤ በጄኖቫው አንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩትን፣ ማሌት የሚባሉትን ሎኮሞቲቮች ፈትተው ገጠሙ፤ በ1995 ዓ.ም. መሥመሩ እስከ አስመራ ተከፈተ። ማሌት ማለት እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ የሚያሠራ፣ መጀመሪያ በጠባቦቹ፣ ቀጥሎም በሰፋፊዎቹ ሲሊንደሮች የሚያሳልፍ፣ በጠመዝማዛ ተራራ ላይም አካሉ እንደ ክንድ የሚተጣጠፍ ሎኮሞቲቭ ነው። ይህን ለማየትና ለመሳፈር ከአውሮፓ ድረስ ወዳጆች ይጎርፉ ጀመር።

ብረቱ ብቻውን ቢተርፍ ኖሮ ማን ያነቃንቀው ነበር? ሽማግሌዎቹስ ብረቱ ቀልጦ ቢያገኙት ምን ያደርጉ ነበር? ሁለቱ በአንድ ጊዜ በመገኘታቸው ሆነ እንጂ፣ አሥር ዓመት ቢዘገይ ኖሮ የሚሆን አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ስሙ በርትቶ ቀርቷል። የፈረንሳዮች ላ ጋር ለገሀር ሆኖ የሰፈር ስም ወጣው፤ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውም የጣቢያ ሕንፃ አለ። በድሬዳዋው የጥገና ጋራዥ አሮጌ ፉርጎዎችና ብረት መላጊያዎች ለጎብኚ ይታያሉ። የሰርኪስ ባቡርም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የዛገ አካሉ በከተማችን ለረጅም ዘመን ይታይ እንደ ነበር ይነገራል፤ ስሙ ከአካሉ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆንህ፣ አንድ ቀን ያገለገሉ ንብረቶችን ለማስወገድ በሚቋቋም ኮሚቴ ውስጥ ትመደብ ይሆናል። በሰነዱ ላይ «ቁርጥራጭ ብረት» ተብሎ በኪሎ የተገመተ ነገር ይቀርብልሃል። ከመፈረምህ በፊት ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደህ በዓይንህ እየው። ምን እንደ ሆነም ካልለየኸው፣ ይህን የሠራበት ሽማግሌ በሕይወት አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ጨረታው ሳምንት ቢዘገይ መሥሪያ ቤቱ አይጎዳም።

ጎረቤቴ ሊሞቱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው የአስኮ መንገድ ይጠገን ነበር። ትልቁ ዳምጠው ከደጃቸው ፊት ለፊት ወዲያና ወዲህ ሲል፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ወጥተው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡት። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ሥራውስ ያው ነው፤ ግን አይተነፍስም» አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።